የናትናኤል የብረት ሽሮፕ

ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለው ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የነርሶቹ አለቃ ማዳም ፋጡማ መቀስና የቫይታሚን ኤ እንክብል ሰጡኝ።

«ሰማያዊው ዓመት ላልሞላው ሕፃን፣ ቀዩ ዓመት ላለፈው ነው። ጫፉን ቆርጠሽ አፉ ውስጥ ጨምቂ። እያለቀሰ ግን አትስጪው፤ ትን ይለዋል» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ እንክብል ስቆርጥ ዋልኩ። በኋላ የደም ማነስን የሚለይ የጣት ደም መመርመሪያ ሲመጣ፣ እሱም የእኔ ሥራ ሆነ።

ዘነበች ሆዳን በሚባል ሌላ ሰፈር ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ ወጣት ነበረች። ልጇን ናትናኤልን ካርቲየ 3 ለሚኖሩ ሶማሌ የቀድሞ ጎረቤቷ ለእማማ ሀሊማ ትታ፣ የምታየው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። አንድ ቀን አሠሪዋን አስፈቅዳ አመጣችው። ቫይታሚኑን ስሰጠው መዳፉ ነጥቶ አየሁ። ጣቱን ወጋሁት፤ ደሙ በጣም አንሷል።

«አሁን የሰጠሽው አይበቃውም?» አለችኝ።

«ይረዳዋል እንጂ ብረትን አይተካም። ሐኪሙ የብረት ሽሮፕ ያዝለታል። ሰገራው ይጠቁራል፤ እንዳትደነግጪ።»

ለክትትል የተቀጠሩበት ቀን ሳይመጡ አለፈ። ማዳም ፋጡማ «ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደው ይሆናል» አሉ። እኔን ግን ያ መዳፍ እንቅልፍ ነሳኝ። ከሥራ ስወጣ ሰፈሩን እያጠያየቅሁ የእማማ ሀሊማን ቤት አገኘሁት።

ልጁ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ስጠራው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምን አጠጣችሁት?» አሉኝ እማማ ሀሊማ በሶማልኛ። «ሰገራው ከሰል መሰለ! ሆዱ ደማ ብዬ ሽሮፑን ያኔውኑ ደፋሁት።»

«ለእናቱ ነገሯት?»

«ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ለዘነበች ደወልኩላትና ልጁን አቅፈን ወደ ሆስፒታል ሮጥን። ሆስፒታል በር ላይ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ደረሰች።

«ይተርፍልኛል?»

«አላውቅም» አልኳት።

ሐኪሙ ደም እንዲሰጠው አዘዘ። ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር አብረን እንነሳለን።

«እኔ ነኝ የጎዳሁት» አሉ እማማ ሀሊማ።

ዘነበች እጃቸውን ያዘች። «እርስዎ ባይኖሩ ማን ያሳድግልኝ ነበር?»

ሲመሽ ነርሷ ጠራችን። ናትናኤል ነቅቶ ውሃ እየጠየቀ ነበር። ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አዲሱን ሽሮፕ እንዴት እንደሚሰጡት ለእማማ ሀሊማ በራሳቸው ቋንቋ አስረዳኋቸው፤ ሰገራው የሚጠቁረው ከብረቱ እንደሆነና ሻይ ብረቱን ስለሚያግደው አብረው እንዳይሰጡትም ጭምር። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላቋረጡበትም፤ ደሙም ቀስ በቀስ ተስተካከለ።

አዲስ ለሚቀጠሩ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ልጁን ማንም ያምጣው፣ መድኃኒቱን ቤት ውስጥ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያም ለዚያ ሰው አስረዱት።