የኋላው ወንበር

መካኒኩ ጡረታ ሲወጣ ሚስቱን በሞተር ሳይክል አፈናጦ ባሕር ሊያሳያት ቃል ገብቶላት ነበር። ወገቧን ስለሚያማት፣ ጋራዥ የመጣለትን ሞተር ሁሉ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሞክርላት ነበር። ባሕሩን ሳታይ ባለፈው ክረምት አረፈች። ቢሆንም ቃሉን ይዞ ሞተር ሊገዛ ሄደ።

«ለሩቅ መንገድ ይሄ ነው፤ ጉልበቱ ለጉድ ነው!» አለው ሻጩ።

መካኒኩ ሞተሩ ላይ ወጥቶ ከኋላ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ መሪው እኮ ከፊት ነው!» ሻጩ ሳቀ።

«ወንበሩ ድንጋይ ነው። ወገቧ አይችለውም።»

«የማን?»

መካኒኩ ወርዶ ወደ ሌሎቹ ሞተሮች ሄደ። ዝቅ ያለውን፣ የኋላ ወንበሩ ሰፊና ለስላሳ የሆነውን መረጠ።

ከከተማው ሲወጣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ አለ። «ቀስ በል፣ አንተ ሰው!» የሚለው ድምፅ ግን ከኋላው አልመጣም፤ ነፋስ ብቻ።