በጋሼ ግርማ ቡድን ላይ የተወራረድኩበት ሰመር

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ፀጉር ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ “ጋሼ፣ ቤዝቦል ያውቃሉ?” አለኝ። ጋሼ መባልን ገና አልለመድኩትም። ስክሪኑ ላይ የቡድኖች ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን ቁጥር አለ። ሊወራረድ ነው፤ አንዱን እንድመርጥለት ፈልጓል። “ጨዋታውን አውቀዋለሁ፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን አላውቅም” አልኩት። ፈገግ ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። መልሴ ምንም እንዳልጠቀመው ያስታውቃል። ለእኔም በዚያ ዕድሜዬ ቢነገረኝ አይጠቅመኝም ነበር።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከጋሼ ግርማ ጋር እኖር ነበር። ጋሼ ግርማ የአባቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው። በደርግ ጊዜ ከአገር ወጥተው፣ እዚህ ሠላሳ ዓመት ገደማ ታክሲ ነድተው፣ ኩላሊታቸው ሲደክም ሥራ አቆሙ። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ አንድ ልጃቸው ቴክሳስ ናት። እኔን ከኤርፖርት ተቀብለው አንዱን መኝታ ቤት ሲሰጡኝ፣ በምላሹ የጠየቁኝ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እንዳደርሳቸው ብቻ ነበር።

ክሊኒኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ ሌላ ክሊኒክ እያለ፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ከተማውን በሚዞረው የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ ውስጥ አንድ ሰዓት የምንሰቃይበት ምክንያት አልገባ ብሎኝ ጠየቅኳቸው። “እዚያ ያለችው ነርስ ደም ሥሬን ታውቀዋለች” አሉኝ። “አዲስ ሰው አይማርብኝም።” ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። ክሪስታል ሲቲ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ማለዳ ሥራ ገብቼ ረፋዱ ላይ እወጣና እወስዳቸዋለሁ። ሚያዝያ ላይ የዛፎቹ ቢጫ ብናኝ መኪናዋን ሸፍኗት ስለሚያድር፣ መስታወቱን ሳልጠርግ መነሳት አልችልም ነበር።

ነርሷ እንደ ልጃቸው ቆጥራኝ ከወንበራቸው አጠገብ እንድቀመጥ ትፈቅድልኛለች። ግራ ክንዳቸው ላይ መርፌዎቹ ስላሉ እሱን ማንቀሳቀስ አይችሉም። በቀኝ እጃቸው ግን ፍሪጅ ውስጥ አድሮ በረዶ የሆነ ወይን አንድ በአንድ እያነሱ ይመጥጣሉ። ውሃ በልክ ነው የተፈቀደላቸው፤ ቲማቲም፣ ሙዝና ድንች ጭራሽ ተከልክለዋል። ፊታቸው ካለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ የቀን ጨዋታ ካለ፣ የዋሽንግተንን ቡድን ያያሉ። ቡድኑ በዚያን ጊዜ በመሸነፍ የታወቀ ነበር። ጋሼ ግርማ ግን “እኛ” ነው የሚሉት። “ትናንት እኛ አምስት ለሁለት ተሸነፍን” ይላሉ፣ ራሳቸው ሜዳ ላይ የዋሉ ይመስል።

ለእኔ ቤዝቦል ሰዎች ቆመው አንድ ነገር እስኪሆን የሚጠብቁበት ጨዋታ ነበር። ዓይኔን የገለጠው ሳሚ ነው። ሳሚ አብሮኝ ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ፣ ከመኪና ቁልፍ ጋር ውርርድም የሚሰበስብ ልጅ ነው። ያኔ እንደ ዛሬው በስልክ አፕ አልነበረም፤ እሱ ጋ ኮል ይደረጋል፣ አለቀ። “አንድ ሁሌ የሚሸነፍ ቡድን አለ፤ ይሸነፋል ብሎ መወራረድ ነው” ብዬ አሰብኩ። ማንም ያላየው ነገር ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ አበዛሁ። ዛሬ ወርዋሪው ማነው? ክንዱ ደህና ነው? በግራ እጁ የሚወረውርን መምታት የሚችል አላቸው? ጋሼ ግርማ ደስታቸው ወሰን አጣ። ጥያቄዬን ሁሉ ከሥሩ ይመልሳሉ፤ እንዲያውም አንድ ቀን ደብተር ገዝተው ጨዋታ እንዴት እንደሚመዘገብ አስተማሩኝ። እኔ ደግሞ “ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ” እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ለሳሚ እደውላለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ቀናኝ። በሰኔ መቀዝቀዝ ጀመረ። ይሸነፋሉ ባልኩበት ቀን ያሸንፋሉ፤ እኔ ያጣሁትን ለማስመለስ ጨምሬ አስይዛለሁ። በሐምሌ፣ አየሩ እርጥብ ፎጣ ሆኖ ፊት ላይ በሚለጠፍበት ወቅት፣ ለመኸር ትምህርት መመዝገቢያ ያስቀመጥኩትን መንካት ጀመርኩ።

አንድ ሐሙስ ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ ዋሽንግተኖች በሁለት ነጥብ እየተመሩ ነው። ለመግባት የሚጠባበቁ ሁለት ሯጮች ሜዳ ላይ አሏቸው፤ አንድ ሰው ብቻ ከወጣባቸው ጨዋታው ያበቃል፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ ከመቷት ግን ሦስት ነጥብ አግኝተው ያሸንፋሉ። እኔ ከወትሮው ሁሉ የበለጠ ያስያዝኩበት ቀን ነው። ማየት አልቻልኩም፤ አጎንብሼ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። የዱላው ድምፅ ተሰማኝ።

“ሄደች!” አሉ ጋሼ ግርማ። “ሄደች! ሄደች!”

ያንን ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼው አላውቅም። የታሰረውን ክንዳቸውን ረስተው ስላንቀሳቀሱት ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። እኔ ደግሞ ከአጎነበስኩበት፣ ጮክ ብዬ “እርጉሞች!” አልኩ።

ነርሷ ማሽኑን አስተካክላ ሄደች። ጋሼ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ።

“ማንን ነው የረገምከው?”

“ማንንም።”

“ተወራርደሃል?”

“አዎ።”

“በእኛ ላይ?”

ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ተጫዋቾቹ ገና ሲተቃቀፉ ነበር።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ወንዙን እያዩ፣ “እኔ ጨዋታውን የወደድከው መስሎኝ ነበር” አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ልወስዳቸው ስነሳ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። “ቫን አዝዣለሁ፤ አትቸገር” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለበሽተኞች የተመደበው ቫን ይወስዳቸው ጀመር። እራት አብረን እንበላለን፤ ስለ አየር እናወራለን፤ ስለ ቤዝቦል ግን አንድም ቃል የለም። እኔም በዚያ አልቆምኩም። እንደቆምኩ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን የትምህርቱ ገንዘብ እስኪያልቅ ቀጠልኩ። ነሐሴ ሳያልቅ አለቀ።

መስከረም ላይ አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ከሥራ እንደተመለስኩ በሬን አንኳኩ። ጫማቸውን አድርገዋል፣ ቦርሳቸውን ይዘዋል።

“ቫኑ አልመጣም። መኪናህ አለች?”

ቤልትዌይ ላይ እንደወጣን “ተውከው?” አሉኝ።

“ትቼዋለሁ። ገንዘቡም አልቋል።”

“የትኛው ቀደመ?”

“ገንዘቡ” አልኩ።

ሳቁ። ከሐምሌ ወዲህ የሳቁት ያን ቀን ነው። “ሞኝ” አሉኝ። “መጥፎ የሚባለው ቡድን እንኳ ከአሥር ጨዋታ አራቱን ያሸንፋል። ይህን የማያውቅ ሰው በምን ሒሳብ ነው የሚወራረደው?” በማግስቱ ቫኑን አሰረዙት።

ቫኑ በቀረበት ዕለት ያየነው ጨዋታ ለማንም የማይጠቅም ነበር፤ ቡድናችን የመጨረሻ ደረጃ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ስምንት ለአንድ ተሸነፍን። እያንዳንዱን ምት ደብተሩ ላይ መዘገብኩ። ከሰመሩ ሁሉ ደስ ብሎኝ ያየሁት ጨዋታ እሱ ነው ማለት እችላለሁ።

ትምህርቴን በዓመቱ ጀመርኩ፤ የከሰርኩት አንድ ዓመት ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ፤ ብዙ ሰው ከዚያ የበለጠ ይከስራል። ጋሼ ግርማ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ልጃቸው ከቴክሳስ መጥታ ዕቃቸውን ስታስተካክል አብሬያት ነበርኩ። አባቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደስተኛ ነበሩ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ “ነበሩ” አልኳት። ግን አንድ ምሳሌ ልነግራት ፈልጌ ሳጣ አፈርኩ።

የዚያን ሐሙስ ምት ቪዲዮ ከዚያ ወዲህ ፈልጌ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኳሷ ከአጥሩ በላይ ስታልፍ፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ሲነሳ፣ ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ሲዘሉ፣ ሁሉም አለ። የጋሼ ግርማ ፊት የለም። ያን ጊዜ እንዴት ሆነው እንደነበር አይቶ ሊናገር የሚችል፣ አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ወለሉን ነበር የማየው።