ሱብሒን የማያሳጣኝ መድኃኒት ፍለጋ

ከመካነ ሰላም የተነሣሁት በጥቅምት፣ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ደሴ ሄጄ ለሐኪም ልታይ ነበር። በየካቲት አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ፣ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ከጀርባዬ ተነሥቶ በግራ ጎኔ እስከ ጡቴ ሥር ዞሮ ነበር። ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ፤ ሕመሙ ግን ቀረ።

ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ነጠላ ሲነካኝ እንደ እሳት ይለበልበኛል፤ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ሳስር ደግሞ ይሻለኛል። አንዳንዴ ምንም ሳይነካኝ መርፌ የተሰካብኝ ያህል ያስደነግጠኛል። ትንሿ ልጄ ሰሚራ በግራ በኩል እንዳትመጣብኝ ተምራለች፤ ልታቅፈኝ ስትፈልግ ዞራ በቀኝ ትገባለች። ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌ ተወጋሁ፣ የራስ ምታት ኪኒን ዋጥኩ፤ አልነካውም። ጎረቤት ሌላ በሽታ ሲጠረጥር ደሜን ተመረመርኩ፤ ነጻ ነሽ ተባልኩ፣ አልሐምዱ ሊላህ።

ከሁሉ የከፋው እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋለሁ። በእነዚያ ወራት ግን ሰላት ባለብኝ ቀን ሁሉ ሱብሒ፣ የንጋቱ ሰላት፣ አላለፈኝም። አባቴ ቁርአን የሚያቀሩ ሰው ነበሩ፤ ሴት ወንድ ሳይሉ ልጆቻቸውን ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ያስነሡን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አጥብቄ የያዝኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ «ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ደሴ የሚሰጥ ኪኒን አለ፤ እንቅልፍ ግን ከባድ አድርጎ ይጥላል» ሲለኝ ያሳሰበኝም ይህ ነበር። ሕመሜን የሚያበርድ፣ ሱብሒን ግን የማይወስድብኝ ነገር እፈልግ ነበር።

ስለ መንገዴ አማቴ እማ ሩቅያና የልጆቼ አባት ሰይድ ተከራከሩ።

«መጀመሪያ አቀስታ ትውረድና ሼሁ ዱዓ ያድርጉላት» አሉ እማ ሩቅያ። «ኪኒኑ የት ይሄዳል? አይሮጥ!»

«ሼሁም አይሮጡ፣ እማ» አለ ሰይድ።

አቀስታ ለደሴ መንገድ ላይ ነው አልኳቸው። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

እስከ አቀስታ

ሱብሒን ቤቴ ሰግጄ መነኻሪያ ስደርስ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ የጤፍ ጆንያ ይጭናል። እስከ አቀስታ አሥራ አምስት ብር ከፈልኩ። ሰው እንዳይነካኝ ብዬ በግራ በኩል መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። የአውቶቡሱ ግድግዳ ግን ከሰው ይብሳል፤ ጠጠሩ መንገድ ባዘለለን ቁጥር ጎኔን ይመታኛል። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ አይተውኝ ኖሮ ቦታ ቀየሩኝ። ጋቢያቸውን ሰብስበው እሳቸው መስኮቱ ላይ ተለጠፉ።

«ምንሽን ነው፣ ልጄ?»

«አልማዝ ባለጭራ ትቶብኝ የሄደ ሕመም ነው፣ አባ።»

«እኛ ዘንድ ጠበል አለ። የናንተም ሰዎች ይመጣሉ፤ አንከለክልም።»

«ዱላ ቢያሳርፉብኝ እችላለሁ፣ አባ። ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ሲወርድብኝ ግን እጮሃለሁ።»

«ጠበል ገብቶ የማይጮህ ማን አለ? ሰይጣኑ ወጣ ይሉሻል እንጂ።»

«ሰይጣኑ ሳይሆን እኔ ነኝ የምወጣው።»

ቄሱ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያስ ጠበሉ ይቅርብሽ። በጸሎቴ አስብሻለሁ፤ ስምሽ ማን ነው?»

«ዘሀራ።»

«ዘሀራ ብዬ አስብሻለሁ።»

አሚን አልኳቸው።

ከወረዳችን ከቦረና ወጥተን ወደ ለጋምቦ ስንወጣ የጤፉ ማሳ እያነሰ፣ ገብሱ እየበዛ መጣ። ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ ገና ቆሟል። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አጥሩ ድንጋይ ነው። ሜዳው ላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይታያል። ፀሐይ ወጥታ እንኳ በቦዩ ዳር ውርጩ ነጭ ሆኖ ነበር። ብርድ ሲነካኝ ሕመሙ ይነሣል፤ መቀነቴን ደግሜ አጠበቅኩ።

አቀስታ

ሼሁን ማግኘት አልከበደኝም። ቤታቸው ሰው ይበዛበታል፤ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተራዬ ሲደርስ ያለብኝን ነገርኳቸው። አጠገቤ የነበረች አንዲት ሴት ሳትጠየቅ ገባችበት።

«ይሄማ በጋለ ብረት ተኩስ ነው የሚለቅ። የእኔን እናት ተኩሰዋት ድናለች።»

«የተቃጠለውን ደግሞ ምን ታቃጥሉታላችሁ!» አሉ ሼሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወዴት እየሄድሽ ነው?»

«ደሴ፣ ሐኪም ዘንድ።»

«ደግ። አላህ በሽታ ሲያወርድ መድኃኒቱንም አውርዷል፤ መፈለግ የኛ ነው። ዱዓውን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ኪኒኑን ፈልጊ።»

ፋቲሓ ቀርተው ዱዓ አደረጉ፤ ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው እንድልሰው ሰጡኝ። ያደርኩት እዚያው ሰፈር አንዲት መበለት ዘንድ ነው፤ የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት ሰጠችኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለችኝም፤ አላህ ይክፈላት። ሌሊቱን ሕመሙ አልለቀቀኝም። ልቤ ግን ቀሎኝ ነበር። ሕመም መብረዱና ልብ መቅለሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ሌሊት አየሁ። ሁለቱም ያስፈልጉኝ ነበር።

ደሴ

በማግስቱ በጉጉፍቱ ብርድ አልፈን ከቀትር በኋላ ደሴ ገባን። ያረፍኩት አረብ ገንዳ ሰፈር፣ የሰይድ አክስት እትዬ መዲና ቤት ነው። እትዬ መዲና ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። አይኔን ጨፍኜ እንድቀመጥ አዘዘችኝና ጎኔን ቀስ ብላ በጥጥ ነካችው፤ ዘለልኩ። በአውራ ጣቷ ስትጫነው ግን ቻልኩት።

«ሽፍታው ድኗል፣ እናቴ። የቆሰለው ነርቩ ነው» አለችኝ። «እስካሁን ምን ሞከሩ?»

መርፌውንም፣ ኪኒኑንም፣ ጥቁር አዝሙዱንም ነገርኳት። ስለ ተኩሱም ጠየቅኳት።

«ማሩን ይላሱ፤ አይጎዳዎትም። ተኩሱን ግን እንዳያስቡት፤ ሌላ ቁስል ነው የሚጨምርልዎት። መቀነቱም ከረዳዎት ይሰሩት።» ከዚያ መንገዶቹን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ምንም ሳይወስዱ መጠበቅ ይቻላል፤ አንዳንዱን ሰው ከጊዜ ጋር ይተወዋል፣ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ኪኒን ለዚህም ይረዳል፤ ግን በየጊዜው ደም መታየት አለበት፣ ከመካነ ሰላም መመላለስ ሊከብደኝ ነው። ሦስተኛው አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ነው። «በብዙ መጠን ለድብርት እንሰጠዋለን፤ በትንሹ ነርቭ ያስታግሳል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ሕመሙን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ይቀንሰዋል። ለመርዳት ሳምንታት ይፈጃል። ማታ ሊተኙ ሲሉ ይዋጡ።»

ሦስተኛውን መረጥኩ። ስለ ሱብሒ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የሐኪም ነገር መስሎ አልታየኝም።

ከማታው የኢሻ ሰላት በኋላ ከእትዬ መዲና ጋር ብዙ ተጫውተን፣ ጋደም ልል ስል ዋጥኩት። ስነቃ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቴ ላይ ነበረች።

«እንኳን ነጋልሽ፣ ሙሽሪት!» አለች እትዬ መዲና። ቂንጬ እያማሰለች ነበር።

«ሱብሒ አልፎኛል?»

«አዎ አልፎሻል።»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«እጄን ዘርግቼ ነበር። አፍሽን ከፍተሽ እንደ ሕፃን ተኝተሻል። ስምንት ወር ያልተኛ ሰው እንዴት ይቀሰቀሳል? አንጀቴ አልቻለም፣ ዘሀራዬ።»

ያለፈኝን ተነሥቼ ሰገድኩ። በእንቅልፍ ያለፈው ሲነቃ ይስገድ መባሉን አውቃለሁ፤ ወንጀል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ቢሆንም ቆጨኝ። ኪኒኑን ልተወው አሰብኩ። ደግሞም እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ለሁለቱም የሚሆን መላ ያገኘሁ መሰለኝና ለማንም ሳልናገር ኪኒኑን ወደ ጠዋት አዛወርኩት። በማግስቱ ሱብሒን በሰዓቱ ሰግጄ፣ ያኔውኑ ዋጥኩ።

ያን ቀን ከእትዬ መዲና ጋር ለረመዷን ሾርባ ምስር ልንገዛ ገበያ ወረድን። እሷ ዋጋ ስትከራከር የቆምኩበት መሬት ይዋዥቅብኝ ጀመር። የምስሩ ጆንያ ላይ ትንሽ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የነጋዴውን ድምፅ ነው።

«እትዬ፣ ይቺን ሴትዮ ከምስሩ ጋር ልመዝናት ወይ?»

«እሷን ከመዘንክማ ሚዛንህ አይችላት!» አለችው እትዬ መዲና። ከዚያ እኔን በቀኝ ክንዴ ይዛ አነሣችኝ። «ንገሪኝ። ኪኒኑን መቼ ነው የዋጥሽው?»

ነገርኳት። ገበያው መሀል ቆማ አፈጠጠችብኝ።

«የማታውን መድኃኒት ለጠዋት! ነገ ደግሞ የሌሊቱን ሰሑር ለመግሪብ ታደርጊዋለሽ!»

ምስሩን እዚያው በአደራ ትታ እየጎተተች ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ። ብዙ ጠብቀን ገባን። ሐኪሟ ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም።

«ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም፣ እናቴ?»

«ሰላቴ የሐኪም ጉዳይ አይደለም ብዬ ነው።»

«የሚተኙበትና የሚነሡበት ሰዓት የእኔ ጉዳይ ነው። ለምን እንደሚነሡ ቢነግሩኝ ደግሞ ሰዓቱን አብረን እናበጀው ነበር።» ወደ እትዬ መዲና ዞረች። «መግሪብ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኪኒኑ በግማሽ ተከፈለ። መግሪብ ሰግጄ፣ እራት በልቼ እውጣለሁ፤ ኢሻን ጊዜው እንደ ደረሰ ሰግጄ ወዲያው እተኛለሁ፤ ቀደም ብሎ የተዋጠ ቀደም ብሎ ይለቃል። በረመዷንም ሳፈጥር እውጠዋለሁ። ሰውነቴ ሲለምደው እንቅልፉ እንደሚቀልልኝ፣ ልቤ በኃይል ቢመታ ወይም ሽንት ቢከለክለኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ዘንድ እንድሄድ፣ ሲሻለኝም በራሴ በአንድ ጊዜ እንዳላቆም ነገረችኝ። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው። እትዬ መዲናን፣ «ነገ ባትቀሰቅሺኝ ይቅር አልልሽም» አልኳት።

«እሺ፣ አንጀቴን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት አድራለሁ» አለች።

ቀሰቀሰችኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴ ከብዶ፣ ምላሴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር የምነሣው። ውዱእ ሳደርግ ግን ውሃው ያነቃኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ጥሪ ይበቃኝ ጀመር።

ወደ ቤት

ስመለስ አውቶቡሱ አቀስታ ለምሳ ቆመ። ሼሁ ዘንድ ደርሼ ሰላምታ አቀረብኩ። «አገኘሽ?» አሉኝ። «አገኘሁ፤ ዱዓው እንዳይቋረጥብኝ» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ የለጋምቦ ገብስ ታጭዶ፣ ክምሩ በየሜዳው ቆሞ አየሁ። መካነ ሰላም ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ልጆቼ ደህና ናቸው፤ አልሐምዱ ሊላህ።

እማ ሩቅያ ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ። «የቱ ነው የረዳሽ? ዱዓው ነው ኪኒኑ?»

«ሁለቱንም አልተውኩም፣ እማ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«መልሴ ግን እሱ ነው።»

ሰይድ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ጥቂት ነው። ሐኪም ዘንድ ስገባ የያዝኩት ሕመሜን ብቻ ነበር፤ አኗኗሬን ደጅ ትቼው ገባሁ። ሐኪም ያልነገሩትን አያውቅም። እንደ እኔ የሚያማችሁ እናቶች፣ ጎናችሁን ስታሳዩ የምትጾሙትንና የምትነሡበትን ሰዓትም ንገሩ።

ሕመሙ ዛሬም አልጠፋም። ግማሽ ያህሉ አለ፤ ብርድ ሲሆን ይነሣል፤ መቀነቴን አጠብቃለሁ። ቤቴ በገባሁበት ቀን መግሪብ ሰግጄ ኪኒኑን ዋጥኩ፤ ኢሻን ሰገድኩና ተኛሁ። እንዲቀሰቅሰኝ ለሰው አልተናገርኩም፤ ልሞክረው ፈለግሁ። ስምንት ወር ሙሉ አዛኑን ነቅቼ ነበር የምጠብቀው። ያን ቀን ግን እንደ ሌላው ሰው ተኝቼ አዛኑ ራሱ ቀሰቀሰኝ። «ሰላት ከእንቅልፍ ይሻላል» የሚለው ላይ ሲደርስ አይኔ ተከፈተ። የምተወው እንቅልፍ ነበረኝ። ትቼው ተነሣሁ።