በሁዳዴ የቀባሁት ቅቤ

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ወዳጆቼ ሲሰበሰቡ የማወራው ጨዋታ አላጣም፤ ይህን ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈውም ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ የሰው ዓይን እያዩ ከመናገር መጻፍ ስለሚቀል ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ከዚያው ጋር ሬዲዮ፣ ቴፕና የካሜራ ፍላሽ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምሁ የለመድሁት ነው። የከተማው ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ። እኔ ሁሉንም ከልብ ነበር የምወስደው። ስለዚህ «ይህን ዕቃ አላውቀውም» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር።

በሁዳዴ ጾም መካከል አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከቡሬ መጣች። ፈጠም ወንዝ ውስጥ ያሉ ዓሦችን ታጠናለች። በበጋ ውኃው ሲጎድል ዓሦቹ ጥልቅ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እሷም እዚያ ጠልቃ ፎቶ ታነሳቸዋለች። ያመጣችልኝ ፍላሽ ውኃ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ጥቁርና ወፍራም፣ ትልቅ የእጅ ባትሪ የመሰለ። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። «አልበራ አለኝ» አለች። «ቀላል ነው» አልኋት።

አብረዋት አያ ሙጬ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። መንገድ የሚመሯትና ዕቃዋን የሚይዙላት እሳቸው ናቸው። የቄስ ትምህርት የቀመሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። መምህርቷ እሳቸው ፊት፣ «የወንዙን ውኃ ከፍታ ከመለኪያው ላይ በየቀኑ እያነበበ የሚመዘግብ ሰው ሊቀጠር ነው፤ የማስቀጥረው አያ ሙጬን ነው። እንደሳቸው ዕቃ የሚጠነቀቅ ሰው አላጋጠመኝም» አለችኝ። አያ ሙጬ አቀርቅረው ፈገግ አሉ።

ልትሄድ ስትል የፍላሹን ክዳን ፈትታ ቀጭን የጎማ ቀለበት አሳየችኝ። ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። «የራሱ ቅባት አለው፤ አሁን አልቆብኛል። ከአዲስ አበባ እስኪላክልኝ ድረስ ያለው ይበቃዋል። አደራህን በሌላ ነገር እንዳትነካው፤ አንዲት ብናኝ ከገባችበት ውኃ ያሳልፋል» አለችኝ። እሺ አልሁ።

ጥገናው እውነትም አላስቸገረኝም። ባትሪው የሚነካው ብረት አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፤ በሎሚና በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አጸዳሁት። አንዲት የተበጠሰች ሽቦ በየድሁ። አዲስ ባትሪ አግብቼ ቁልፉን ስጫነው ሱቁ ቦግ አለ። ብቻዬን አጨበጨብሁ።

እዚያው ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ቀለበቱን ሳየው የደረቀ መሰለኝ። አባቴ የቀንበሩ ጠፍር ሲደርቅበት ቅቤ ይቀባው ነበር። እኛ ዘንድ የደረቀ ነገር ሁሉ በቅቤ ነው የሚለሰልሰው። ቤት ገብቼ ባለቤቴ ለፋሲካ ካስቀመጠችው ለጋ ቅቤ በጣቴ ቆንጥሬ ቀባሁት። አብረቀረቀ። መምህርቷ ስታየው ትደነቅብኛለች ብዬ ነው።

በማግስቱ አያ ሙጬ ብቻቸውን መጥተው ተረከቡኝ። በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው በሚኒባስ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተመለሱ። መምህርቷ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ስትከፍተው ውኃ ዥው ብሎ ፈሰሰ። ሞቷል። ከቀለበቱ ላይ ያገኘችውን ነገር በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ አንዲት ነጭ የከብት ፀጉር። የገጠር ቅቤ የላም ፀጉር እንደማያጣ ማን ያጣዋል? ወዲያው ገባኝ።

«ቀለበቱን ነክተኸው ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ አልነካሁም!»

«ታዲያ ይህ ፀጉር ከየት መጣ?»

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ የሰጠኋት መልስ ነው። «እኔ እንጃ፤ እኔ ሱቅ ከብት የለም» አልሁ።

ወደ አያ ሙጬ ዞረች። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቆጣም። ቤትዎ ወስደው ከፍተውት ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልጄ! ከነጠላዬ እንኳ ሳላወጣው ነው ያስረከብሁሽ። ካላመንሽኝ ቤተ ክርስቲያን ወስደሽ አስምዪኝ» አሉ።

«ይተዉት፣ ግዴለም» አለች። እንዳላመነቻቸው ያስታውቃል። አያ ሙጬ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ያልጠፋ ብሎን መፈለግ ጀመርሁ።

የወንዙን ከፍታ የመመዝገቡ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን የነገረኝ ከቡሬ የሚመጣ ደንበኛዬ ነው። በአገራቸው «አደራ በላው ሙጬ» እየተባሉ እንደሚጠሩም እየሳቀ አጫወተኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ዓመቱ ዞሮ ሁዳዴ ገባ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ለፋሲካ ቅቤ ስታስቀምጥ ሳይ የማደርገው ጠፋኝ። በገበያ ቀን ቡሬ ሄድሁ። አያ ሙጬን በቆሎ ሲሸጡ አገኘኋቸውና ጥግ ወስጄ ከላይ እስከ ታች ነገርኋቸው።

«አውቀው የለም እንዴ!» አሉኝ። «ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ጭኔ ላይ ሆኖ ሲሸተኝ ነው የመጣው። በሁዳዴ፣ ጾመኛ ሰው፣ ቅቤ አይሸተውም ብለህ ነው? የጥገናው መድኃኒት ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ።»

«ታዲያ ሱቅ ውስጥ ለምን አልነገሯትም?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልሁ ስጠብቅህ ልጅቱ ተነስታ ወጣች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ለመምህርቷ ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኋቸው።

«እሱን እንደፈቀድህ። ሥራውን እንደሁ ሰው ይዞታል። ባይሆን ቤት ድረስ ና፤ ለሚስቴ ንገርልኝ። እሷም ከፍተኸው ነው ትለኛለች፤ ይኸው ዓመት ሞላት» አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን ደረስን። ለባለቤታቸው ቆሜ ነገርኋቸው። እንዲሰድቡኝ ነበር የምፈልገው፤ ውሻ ቢለቁብኝም እችለው ነበር። ሴትዮዋ ግን እኔን ምንም አላሉኝም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ባላቸው ዞሩና ጎንበስ ብለው የእሳቸውን ጉልበት ያዙ። «ይቅር በለኝ» አሉ። «ዓመት ሙሉ አላመንሁህም፤ ይቅር በለኝ።»

ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ገበያውም ውስጥ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድም፣ የሆነውን ሁሉ ዘርዝሬ ስናገር ይቅርታ የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣችም ነበር።

ለመምህርቷ የጻፍሁት ደብዳቤ ይድረሳት አይድረሳት አላውቅም፤ መልስ አልመጣም። የማላውቀው ዕቃ ሲመጣልኝ ዛሬ «አላውቀውም» ብዬ እመልሳለሁ። «ኢንጂነር» የሚለኝም ሰው የለም፤ እሱ አይቆጨኝም። የሚያሳፍረኝ ያ ቀን ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ የአያ ሙጬን ጉልበት ይዣለሁ፤ እሳቸውም ይቅር ብለው አንስተውኛል። ግን ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ፣ ይቅርታ የጠየቅሁት ከሚስታቸው ቀጥዬ ነው።