የደረበ ፊልም

በመተማ ዮሐንስ ጳጉሜ የጭቃ ወር ናት። የሰሊጡ አረም አልቋል፤ አጨዳው ገና ነው። ከጎጃምና ከወሎ የወረደው ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ከተማውን ይሞላዋል። በዚያ ሰሞን የምንይችል ቪዲዮ ቤት የራሱ ልማድ ነበረው። በዓመቱ ከታዩት ፊልሞች ሕዝቡ አምስቱን በጭብጨባ ይመርጣል፤ ምንይችልም በየቀኑ አንዳንዱን መልሶ ያሳያል። በጳጉሜ መጨረሻ ቀን የሚታየው የዓመቱ አውራ ነው።

ልማዱን ያመጣው ደረበ ነበር። ደረበ ጎሚስታ ነው፤ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። በልጅነቱ ከሳንጃ በእህል መኪና ላይ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ እናት አባት የለውም። የመጀመሪያውን ፊልም ያየው በቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ ቀዳዳ በአንድ ዓይኑ ነው። ካደገ በኋላ የፊተኛው አግዳሚ ቀኝ ጫፍ የእሱ ሆነ፤ ቢመጣም ባይመጣም ማንም አይቀመጥበትም። የውጭ ፊልም አርእስት የሚያነብ ስለሌለ ስም የሚያወጣው እሱ ነው፤ ያወጣው ስምም ከተማውን ይዞራል። በጳጉሜ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት ይነሣና ፊልሙ ስለምን እንደተመረጠ ይናገራል። ሰውም እንደ ዳኛ ያዳምጠዋል።

ሱዳኖች እርስ በርሳቸው ከመፋጀታቸው በፊት በነበረው ዓመት የተመረጡት «ዝሆኑ»፣ «መንትዮቹ»፣ «ባልቴቷ»ና «በረዶው» ነበሩ። «ዝሆኑ» የሕንድ ነው፤ ጌታው ቢሞትበት ሣር አልበላም ያለ ዝሆን ታሪክ። ወዛደሩ ሁሉ በፎጣው ዓይኑን ጠርጓል። «በረዶው» ውስጥ ብዙም ነገር የለም፤ አንድ ሽማግሌ በየማለዳው በረዶ የዋጠውን የቤቱን በር ሲቆፍር ነው። ሆኖም ቆርቆሮው በጋለበት አዳራሽ ያንን ነጭ ነገር ሲያዩት ላብ የሚደርቅ ይመስላል። አንድ የወሎ ልጅ «ይህን በግንቦት ያሳየን ይጽደቅ!» ብሎ መርቋል።

የአምስተኛውን ስም ግን ደረበ አላወጣውም። ሕዝቡ ራሱ «የደረበ ፊልም» አለው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። ስለ ስደት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ደረበ ፊቱ ላይ ከግንባሩ እስከ አገጩ የወረደ ጠባሳ አለው፤ የሎሪ ጎማ ሲነፋ ብረቱ፣ ቸርኬው፣ ተፈናጥሮ የመታው ነው። ዳይሬክተሩ በሱቁ ሲያልፍ አየውና እንደሚሸጥ በሬ ዙሪያውን ዞሮ ተመለከተው።

«እግዜር ለዚህ ሥራ ነው የፈጠረህ» አለው።

ደረበ በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ነጭ ጀለቢያ አለበሱት፤ ጥቁር መነጽር ሰጡት፤ ደላላ ሁን አሉት። ስደተኞቹን ሎሪ ላይ ሲጭን «ከዚህ ወዲያ ስም የላችሁም» ይላል። በረሃው መሃል ደግሞ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ውሃ ሲለምነው ጀሪካኑን ነጥቆ ከመኪናው ይገፈትረዋል። ፊልሙ የሚያልቀው ሸሚዙ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲያውለበልበው ነው።

መጋቢት ላይ ፊልሙ መጣ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር።

«ያ ዞል!» ይለዋል፣ አንተ ሰው ለማለት፣ ወዳጁ ኡመይር፣ የሱዳኑ የገዳሪፍ ሾፌር። «ጎማዬን ከለጠፍህ በኋላ ስሜን ትመልስልኛለህ?»

«ሽጬዋለሁ፤ ለዚያውም በርካሽ» ይላል ደረበ። ይሳሳቃሉ።

እየቆየ ቀልዱ ጎመዘዘ። የማያውቃቸው ልጆች ወደ ሱቁ ጠጋ እያሉ «መንገዱ እንዴት ነው? ሰው አለህ?» ይሉት ጀመር። ፊልም ነው ሲላቸው ይጠቃቀሳሉ። ሴቶች በደጁ ሲያልፉ ልጃቸውን በወዲያኛው ጎናቸው ያደርጋሉ። መተማ ስንቱን ልጅ የሸኘች ከተማ ናት። የወሰዱባትን ሰዎች ፊት ግን አይታ አታውቅም፤ ተሸፋፍነው መጥተው ተሸፋፍነው ይሄዳሉ። አሁን ፊት አገኘች።

ይህንንም ደረበ በቻለው ነበር፤ የወይዘሮ ውባንች ነገር ባይኖር። ወይዘሮ ውባንች የአገኘሽ እናት ናቸው፤ አገኘሽ ደግሞ ደረበ በጥር ሊያገባት ቀለበት ያሰረላት ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ ፈንቴ ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ሱዳን እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል። ሲወጣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሰማያዊ ሸሚዝ የማይለብስ ጎረምሳ የት አለ? ለእናቱ ግን በዓለም ላይ ያለው ሰማያዊ ሸሚዝ አንድ ብቻ ነው።

ፊልሙን በጎረቤት ስልክ ካዩበት ቀን ወዲህ፣ ደረበ ቤታቸው ሲገባ ራት ያቀርቡለታል፤ እሳቸው ወደ ገበታው አይቀርቡም።

«እትዬ ውባንች፣ ያውቁኛል እኮ» አላቸው አንድ ቀን። «ያ ልጅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ፍየል አርደን አብረን በልተናል።»

«ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለህ? ግን ከዚህ ሁሉ ሰው አንተን ስለምን መረጡህ?»

«ለጠባሳዬ ነዋ!»

«እንዲያው ንገረኝ ልጄ፤ አልከስህም። ውሃ ነበረው?»

አገኘሽ ጣልቃ ገባች። «እማዬ! ፈንቴ በወጣበት ኅዳር ደረበ ከዚህ ርቆ አብደራፊ እርሻ ላይ ነበር። እኔ ለሠራተኛ ወጥ ስሠራ፣ እሱ የትራክተር ጎማ ሲጠግን፤ የተዋወቅነው እዚያ አይደለም ወይ?»

«አንቺማ ትወጂዋለሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በዚያ ከተማ ለደረበ የሚመሰክርለት የአገኘሽ አፍ ብቻ ነበር። እሷም አልሰለቸችም፤ በወፍጮ ቤት፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይቀር ትመሰክርለት ነበር።

ጳጉሜ ሲገባ «የደረበ ፊልም» ሲባል ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። ደረበ ምንይችል ዘንድ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ይህችን ተዋት። ሌላ አሳይ።»

«ሕዝብ የመረጠው አይነካም ብለህ ሕግ ያወጣኸው አንተ አይደለህም?»

«ያወጣሁት እኔ ከሆንኩ እኔው ልሻረው።»

«ስንቱ ዝና ያምረዋል፣ አንተ ታለቃቅሳለህ!» ምንይችል ሳቀበት። «ይልቅ እንደ ልማድህ ተነሥና ተናገር። ውሸት ነው በላቸው፤ በዚያው ይለቅልሃል።»

ደረበ አሰበበት። ከተማው ሁሉ ባንድ ላይ ሆኖ የሚሰማው በዚያ ቀን ብቻ ነው። አገኘሽንም «መጥተሽ መስክሪልኝ» አላት። እሺ አለችው።

በመጨረሻዋ ቀን ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ደረበ ሊናገር ሲነሣ በሩ ላይ ጉምጉምታ ሆነ። አገኘሽ ገባች፤ ከኋላዋ ወይዘሮ ውባንች። በዕድሜያቸው ቪዲዮ ቤት ረግጠው አያውቁም። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀዋል። ወዛደሩ ጠጋ ጠጋ ብሎ መንገድ ሲከፍትላቸው ቀጥ ብለው ሄደው ፊተኛው አግዳሚ ቀኝ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ደረበ ንግግሩን ትቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ፊልሙ ታየ። «ከዚህ ወዲያ ስም የላችሁም» ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ አብሮት አለ፤ ፉጨቱም ቀለጠ። ሸሚዙ እሾህ ላይ ሲውለበለብ ግን ያፏጨ የለም። ወይዘሮ ውባንች ተነሡና ወደ ደረበ ዞሩ።

«ልጄ እንዲህ ነው የቀረው? እሾህ ላይ?»

ነጠላው ለምን እንደተዘቀዘቀ ደረበ ያን ጊዜ ገባው። ሊቀብሩ ነው የመጡት። የአፈሩ ቦታ ስለሌላቸው፣ ያን እሾህ መቃብር ሊያደርጉት ነው። ውሸት ነው ቢላቸው አያምኑትም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ብሏቸዋል። ዝም ቢላቸው እሾሁን ይዘው ይገባሉ። አፉ ከልቡ ቀደመ።

«አልቀረም፣ እትዬ» አለ። «ፈንቴን ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ካርቱም በደኅና ገብቷል።»

ውጭ ጄኔሬተሩ ብቻ ያጓራል።

«ውሃ ነበረው?»

«ነበረው። ጠጥቶም ተርፎታል።»

ወይዘሮ ውባንች ተመልሰው ተቀመጡ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየም። ከዚያ ነጠላቸውን ፈትተው፣ አቃንተው ለበሱት።

«አላልኳችሁም?» አለ ከኋላ አንዱ። «እኔስ አላልኳችሁም?»

ደረበ አገኘሽን አየ። አብደራፊ የምትለዋ ቃል ከአፏ ብትወጣ ሁሉም ያበቃ ነበር። አፏ ተከፈተ። የእናቷን የተቃና ነጠላ አየች። አፏን ዘጋች።

በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ቀለበቱ በሽማግሌ እጅ ተመለሰ። «የወንድሟን ሻጭ እህቲቱ አታገባም» የሚል ቃል ነበረው፤ ከአገኘሽ የተላከ ቃል ግን አልነበረም። ደረበ መንፊያውንና ክሪኩን ጭኖ ገለጉ ወደምትባል ሌላ ከተማ ወረደ። እዚያም ቪዲዮ ቤት አለ፤ ደረበ በደጁም አያልፍም።

ሚያዝያ ላይ ማዶ ጦርነቱ ተነሣ። ሰው በገላባት በኩል እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ኡመይርም ልጆቹን ይዞ ተሻገረ፤ አንድ ቀን ማሽላ ሊጭን ገለጉ መጣና ጥቅል አወረደ። የእንጀራ ድርቆሽ ነው፤ ከላዩ ላይ ከነእጥፋቱ አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ አለ።

«ሐጃዋ፣ የአገኘሽ እናት፣ በየቀኑ የድንበሩ ድልድይ ላይ ናት» አለ ኡመይር። «ከካርቱም የሚመጣውን ወጣት ሁሉ ፎጣውን እየገለጠች ታያለች። እንዲህ በለው አለችኝ፦ እንዳሻገርከው መልስልኝ። በመንገድ ይህን ይብላ፣ ይህን ይልበስ።»

ደረበ የተነፋ የውስጥ ጎማ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያይ ነበር። ቀና አላለም።

«ምን ልበላት?» አለው ኡመይር።

«ፊልም ነው በላቸው።»

ኡመይር አልሄደም። ግራ ቀኙን አየና ጠጋ አለው።

«ያ ዞል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔም እህት ካርቱም ቀርታለች። እዚያ ያሉት ሰዎችህ…»

ደረበ ወዳጁ የሚቀልድ መስሎት ቀና አለ። ኡመይር አልሳቀም።