ኮርኒስ ሥር የተለመደ ምት

ወንድሜን በጎልፍ ክለቡ «መሐንዲሱ» ይሉታል። የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስሙን ያወጡለት የሰው ምት ስለሚጠግን ነው። ሥራው ካዲነት ነው፤ የአባላቱን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ሜዳውን ሙሉ መከተል። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸከመ። እኔ እዚያው ክለብ ፎጣ ማጠቢያ ክፍል ነኝ፤ መስኮቴ ወደ መለማመጃው ሜዳ ስለሚያይ ያላየሁት ነገር የለም።

አንዱ አባል ሲመታ ይውልና፣ ኳሷ እየጠመመችበት ፊቱ ደም ይመስላል። ወንድሜ ቦርሳውን ያስቀምጥና፣ «ጌታዬ፣ በክንድዎ አይታገሉ። መጀመሪያ ወገብዎ ይዙር፣ እጅዎ ራሱ ይከተላል» ይላል። ሰውዬው እያጉረመረመ ይሞክራል፤ ኳሷም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ባለ ደመወዙ አሰልጣኝ ያላየውን እሱ ቆሞ ያያል።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም ይባላል። ወንድሜ ግን ለራሱ አሳነሰ፤ በዚህ ነገር የእኔም እጅ አለበት።

እናታችን ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ ከሥራ በቀጥታ ቤት ይገባ ነበር። ለካዲ ሜዳው ላይ ዱላ ማወዛወዝ ክልክል ነው፤ የተያዘ ይባረራል። ስለዚህ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ይለማመድ ነበር። ኮርኒሷ ዝቅ ያለ ነው፣ እሱ ደግሞ ረጅም። አንድ ቀን እንጨቱ ኮርኒሱን ቀደደው፤ አከራያችን «ቤቴን ልታፈርሰው ነው እንዴ!» ብለው ቀወጡት። እኔም ፈርቼ፣ «ጋሼ በሞቴ፣ ሊያስወጡን ነው፤ ዝቅ አድርገው» አልኩት። ዝቅ አደረገው። ከዚያ ወዲያ እንጨቱን ትከሻው ጋ ሲደርስ ያቆመዋል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ከዚያ ይመታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ለመደው።

ባለፈው ዓመት ክለቡ ማስታወቂያ ለጠፈ። ካዲዎች ለአሰልጣኝነት መፈተን ይችላሉ፤ ከሃምሳ አራት ዓመት በላይ ግን አይቀበልም ይላል። ወንድሜ ያኔ ሃምሳ አራት ሞልቶት ነበር፤ በዚያው ዓመት ካልሆነ አበቃ ማለት ነው። ከታች ደግሞ ከፈተናው በኋላ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የአባል ምት ማረም እንደማይችል ተጽፏል። ይህን ሰው ምት እንዳያርም ከከለከሉት ምን ይቀረዋል? ሸክሙ ብቻ!

ዘወትር ቦርሳቸውን የሚሸከምላቸው ዶክተር አሉ። እሳቸው ፈቃድ ጠይቀውለት ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት መለማመጃው ላይ እንዲመታ ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ቀን በስልካቸው ቀረጹትና አሳዩት። በዕድሜው የራሱን ምት አይቶ አያውቅም።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው አንገቱን የሚሰብረው?» አለ።

ዶክተሩ ስልኩን አቀረቡለት።

«ኧረ ጉድ!» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ለካ።»

ከላዩ ያለው ሰማይ ነው፤ እጁ ግን ትከሻው ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ባልደረቦቹ፣ «መሐንዲስ፣ ሰማዩ እንዳይወድቅብህ ነው?» ብለው ሲስቁ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን በመስኮት ዘልዬ ላንቃቸው ምንም አልቀረኝም። «አንገቴን በሰበርኩ ቁጥር ጩኺብኝ» ስላለኝ፣ በየጠዋቱ ፎጣ እያጠፍኩ «አንገት!» እያልኩ ስጮህ ሁለት ወር አለፈ። መጨረሻ አካባቢ ሳልጮህ የምውልበት ቀን መጣ። ዱላው ከራሱ በላይ ወጥቶ ሲዞር ሳየው እንባዬ መጣ።

የፈተናው ቀን ፈታኟ ብቅ ስትል አወቅኳት። በአሥራ አንድ ዓመቷ አባቷን ተከትላ ስትመጣ ዱላ አያያዝ ያስተማራት ወንድሜ ነው። ከአሥር ኳስ ሰባቱ፣ መቶ ሰማንያ ሜትር ላይ የተዘረጋውን ነጭ ገመድ አልፈው መቆም አለባቸው። ከዘጠኙ ስድስቱን አሳለፈ። አሥረኛዋን ሲመታ ጨነቀውና አንገቱ ሰበር አለ፤ አየሁት። መጮህ አይፈቀድም፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ኳሷ ገመዱ አጠገብ ቆመች።

ፈታኟ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ሆኖ አይለይም። ሄደው ይዩልኝ። አልፋለች ካሉኝ፣ አልፋለች ብዬ እጽፋለሁ» አለችው።

ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ሄደ። ተንበርክኮ በእጁ ለካ። ሲመለስ ፊቱን አይቼ ምንም አልገባኝም።

«ስንዝር ይጎድላታል» አለ።

ቤት እንደገባን አልቻልኩም። «ስንዝር! ለአንዲት ስንዝር! ገፋ ብታደርጋት ማን ያይህ ነበር? ልጅቷ እንኳ አዝናልህ ነው!»

«ይህችኑ ልጅ ሳስተምራት አንዴ ኳስ በእግሯ ገፋ ስታደርግ ይዣታለሁ» አለ ጫማውን እያወለቀ። «ቦርሳዋን ጥዬባት ሄድኩ። እስክታለቅስ ድረስ ሄድኩባት። ዛሬ ታዲያ ምን ብዬ ላያት ነበር?»

ተናድጄበት እንደነበር ግን አልደብቅም። እኔ ብሆን በሁለት እጄ ነበር የምገፋት።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ እመስኮቴ ሥር መጡና መቱ። ኳሷ ጠመመች። እንደለመዱት ዞር ብለው፣ «ምን አጠፋሁ መሐንዲስ?» አሉ። የክለቡ ኃላፊ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያል። ዶክተሩ ግራ እግራቸውን ቀድመው አንስተዋል፤ ይህን እኔ ፎጣ አጣቢዋ እንኳ አይቻለሁ። የወንድሜ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ አቀረቀረና፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ አልተፈቀደልኝም» ብሎ ሌላ ኳስ አቀበላቸው።

ዶክተሩ ኳሷን ይዘው ሳይመቱ ቆሙ። እኔ ያጠፍኩትን ፎጣ ፊቴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ።