ከመስመሩ በላይ

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ዳር ወዳለው የተፈናቃዮች መጠለያ እንሄዳለን። አምስት ወይም ስድስት የሰንበት ተማሪዎች ነን። ሥራችን ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የላኩን ቄስ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር ያሉን፦ «ስበኩ አላልኳችሁም። ሰው ሲያለቅስ ጥቅስ አትወርውሩበት። ስሙት። ሲጨርስ እንዲጸለይለት የሚፈልገውን ሰው የክርስትና ስም ጠይቃችሁ አምጡልኝ።»

ስሞቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። ግጥም ስለምሞክር እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም። ወረቀቱን መሐል ለመሐል አሰምረዋለሁ። ከመስመሩ በላይ የታመሙትና የጠፉት፣ ከመስመሩ በታች ያረፉት ይጻፋሉ። የክርስትና ስም ስለሚመሳሰል የማን ባል፣ የማን ልጅ እንደሆነም እጨምራለሁ። በሳምንቱ ቄሱ መጠለያው ውስጥ ባለው ትልቁ ድንኳን ጸሎት ሲያደርሱ ሁለቱንም ጮክ ብለው ያነባሉ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማሁት ነገር አላስቀምጥ ይለኝ ነበር። አንኮበር ወላጆቼ ቤት ሄጄ እንኳ እህል አልበላ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ደከመኝ። ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ጨርቅ ሳጣጥፍ ስለምውል፣ እሁድ ሲደርስ እግሬም ጆሮዬም ዝሏል። የሰዎቹ ታሪክ ይመሳሰልብኝ ጀመር። አንዱ ገና መሐል ላይ እያለ መጨረሻውን አውቄዋለሁ እላለሁ። ከግጥም የለመድኩት ነው፤ ስንኙ ሳያልቅ ቤት መምቻውን ቀድሞ መገመት። እዚያ ይጠቅማል።

ከወለጋ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የመጣች፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ነበረች። ምስር እየለቀመች ነበር የምታወራኝ። ከቤት ሲሸሹ ባልዋ አብሯቸው ወጥቷል። ትንሽ እንደሄዱ «ጥጃዎቹ እንደታሰሩ ናቸው፤ ፈትቻቸው ልድረስባችሁ» ብሎ ተመለሰ።

ጥጃዎቹ ያዙኝ። ሰውየው ስለ ጥጃ ብሎ ሲመለስ ታየኝና በሆዴ ስንኝ መደርደር ጀመርኩ። እሷ «ከዚያ...» ስትል እኔ እዚያ አልነበርኩም። አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ፊቴን እንደሚያዝን ሰው አደረግኩ። ስታበቃ የባልዋን የክርስትና ስም ጠየቅኩና ጻፍኩ። ከመስመሩ በታች። ሞተ ያለኝ ሰው የለም። ታሪኩን የጨረስኩላት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ቄሱ ከድንኳኑ ፊት ቆመው ያረፉትን ማንበብ ጀመሩ። እሷ ከኋላ ነበረች። የባልዋ ስም ከእሷ ስም ጋር ሲጠራ ቀና አለች። «ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን» ሲባል ሕዝቡ «አሜን» አለ። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በእኛ አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማልደው ይሄዳሉ። እኔ በአንድ መስመር ነገርኳት፤ ያውም ሐሰቱን።

ጸሎቱ አልቆ ከመጠለያዋ ስደርስ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጇ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዛለች። ትንሿ ልጅ ውስጥ ሆና «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ታለቅሳለች። እናትየዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተነሡ! እኔ ለቅሶ የለብኝም።»

«እንዴ፣ ልጄ፣» አሉ አንዲት አሮጊት፣ «ቄሱ አንብበውት?»

«ቄሱ ያነበቡት የተጻፈውን ነው። የጻፈው ያውላችሁ፤ ጠይቁት።»

ሁሉም ዞሩብኝ።

«ሲሞት አየኸው?» አለች ንፍሮ የያዘችው።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

«እና በእስክሪብቶህ ገደልከዋ!»

እናትየዋ አልጮኸችብኝም። «ይህችን ልጅ አሁን ምን ልበላት?» ነው ያለችኝ። «ይመጣል፣ ይመጣል እያልኩ ነው እዚህ ያደረስኳት።»

ሮጬ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እግዚአብሔር ያንተን ወረቀት አይጠብቅም፤ ሰውየው የት እንዳለ ያውቃል» አሉ። «ሰዎቹ ግን የሰሙት ካንተ ወረቀት ነው። ሂድና በየደጁ ንገር።»

ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ንፋሱ አቧራውን እያነሳ ሸራውን ሁሉ ያንኳኳል። በየደጁ ቆሜ «ሞቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሞቱን የነገረኝ ግን የለም» አልኩ። አንዳንዱ አዘነልኝ፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። አንድ ሽማግሌ ግን «እኔንም እንዳትጽፈኝ አደራ፤ ገና ነኝ» ብለው ሳቁ።

እሷ ደጅ ስመለስ ለቀስተኞቹ ተነሥተዋል። ንፍሮው ሳይነካ በር ላይ ቀርቷል።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ፣ እትዬ። ይቅር በሉኝ።»

«ተቀመጥ። ያን ቀን እኮ አልሰማኸኝም። ዓይንህ እኔ ላይ ነበር፤ ልብህ ግን የለም። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩህ።»

ከመጀመሪያው ጀመረች። ሰውነቴ ተቀጥቅጧል፤ ብተኛ ደስታዬ ነበር። ግን ሰማኋት። «ከዚያ» ስትል ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም ነበር። ከዚያማ ከእነሱ ኋላ የሸሸ አንድ ጎረቤት ቆይቶ አገኛት። ባልዋን አላየውም። ጥጃዎቹን ግን መንገድ ላይ ተፈትተው ሲሄዱ አይቷቸዋል።

«ጥጃ ራሱን አይፈታም» አለች። «ቤት ደርሷል ማለት ነው። የደረሰ ሰው መውጣትም አያቅተውም።»

ሌላ ሰውም ሊፈታቸው ይችላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ዋጥኩት። ያላት ተስፋ ይኸው ብቻ ነው፤ ቀድሞም ይህንኑ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ስንኝ ስደረድር ነው ያመለጠኝ።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ፊደል ስለማታውቅ ጎንበስ ብላ እጄን ታያለች።

«የቱ ጋ ጻፍከው?»

«እዚህ። ከመስመሩ በላይ።»

«ከማን ቀጥሎ?»

«ኩላሊቷን ከታመመች አንዲት ሴት ቀጥሎ።»

«እሷንም ይማራት» አለችና ወደ ውስጥ ዞራ ትንሿን ልጅ ጠራቻት። «ነይ እይ፤ አባትሽ ይኸውና፣ ከላይ ነው።» ልጅቷ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ቆየች።

ልነሳ ስል «ሁለተኛ ሳትጠይቀኝ እንዳትጽፍ» አለችኝ።

በየእሁዱ እጠይቃታለሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ «ዛሬስ ማንን ልትገድል መጣህ?» ይሉኛል፤ እኔም እስቃለሁ። እሷ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ምንም ሳልጽፍ፣ እስክትናገር እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን መልሱ ቶሎ አይመጣላትም። ምስሯን ትለቅማለች፣ ትለቅማለች። ያን ጊዜ አፌን እይዛለሁ።

«ከላይ» ትለኛለች በመጨረሻ።

ከላይ እጽፈዋለሁ።